የግራ ዓይኗ የሚያንቀላፋው ላንድክሩዘር

ይህ አምድ የልብ ጉዳይ የሚበዛበት መሆኑን ታውቃላችሁ። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ ከንፈር ወዳጅ ሳይሆን ስለ መኪና መብራት ነው። (ጠጋ ብሎ ላነበበው የአባትና የልጅ ኩርፊያም አለበት።) «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ! በሌሊት ሚኒባስ የማይሳፈር ማን አለ? ደብዳቤው ከወሎ፣ ከቦረናዋ መካነ ሰላም ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥረነዋል።

«ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ የገዛት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለችን። እንጀራችን እሷ ናት። ሌሊት ከገጠር ቀበሌ በሽተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር የሚጠራው አባቴ ነው። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም እኔው እነዳለሁ።

ችግሩ የፊት መብራቷ ነው። አጭሩን ሳበራ የቀኙ ጥሩ ይበራል፤ የግራው ግን እንደ ከሰል ፍም ቀላ ብሎ ይቀራል። ረጅሙን ሳደርግም ያው ነው። የሚገርመው ደግሞ በአጭር መብራት ላይ ሆኜ ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት ጭል ጭል ትላለች! ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የግራው ቦግ ይልና መልሶ ይደበዝዛል። ሦስት አምፖል ቀይሬአለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ማሳውን ሁለቴ አጽድቶ ገንዘቡን ተቀብሏል። ፊውዙን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። አባቴ «ሦስት አምፖል ያቃጠልከው አንተ ነህ» ብሎ አኩርፎኛል። በዚህ መብራት ሌሊት ወደ ደሴ አንሂድ ስለውም «እኛ ድሮ በጨረቃ ነበር የምንነዳው» ይለኛል። ደግሞ የቀድሞው ሾፌር ባለ 100 ዋት አምፖል አድርጎባት ነበር፤ እኔ ነኝ ወደ ድሮው የመለስኳት። ኤልኢዲ ልግዛ ወይስ ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አብሽር ወንድማችን! በመጀመሪያ አንድ የምሥራች እንንገርህ፤ ሦስቱም አምፖሎች ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ካልጣልካቸው ፈልጋቸው።

እንዴት አወቃችሁ ትል ይሆናል። ደብዳቤህ ራሱ ነው የነገረን። በአብዛኛው መኪና ላይ የመብራት ማብሪያው የሚቆጣጠረው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጋቲቩ እዚያው አጠገቡ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር ይታሰራል። የቆዩ ቶዮታዎች ግን፣ በተለይ እንደናንተ ያሉት ላንድክሩዘሮችና ብዙዎቹ ሃይሉክሶች፣ የተገላቢጦሽ ናቸው። ፖዘቲቩ ለግራና ለቀኝ በየራሱ ፊውዝ በኩል ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። አጭርና ረጅም የሚለየው ማብሪያ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ኔጋቲቩን ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ እንደዚያ ልጅ ማሳ ሲፍቅ ይውላል። ልጁን አንሰድበውም፤ ሌላ መኪና ላይ ቢሆን ትክክል ነበር።

እንግዲህ የግራው ፖዘቲቭ ተቋረጠ እንበል። አጭሩን ስታበራ የቀኙ አምፖል ከራሱ ፊውዝ እየመገበ በደንብ ይበራል። ግን ቀኙ ላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የረጅሙ ክር አለ። መብራቱ በእሱ በኩል ሾልኮ፣ በጋራው ሽቦ ወደ ግራው ይሻገርና የግራውን ረጅምና አጭር ክር አከታትሎ አልፎ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል። ሦስት ክር በተርታ! ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ የግራው እንደ ፍም ይቀላል። ሰማያዊዋ ምልክትም ከዚሁ ፍርፋሪ ስለሚደርሳት ነው ጭል ጭል የምትለው። አየህ፣ የግራው አምፖል ደብዝዞም ቢሆን መቅላቱ ሁለቱም ክሮቹ በሕይወት መኖራቸውን ይመሰክራል። አንዱ ክር ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይበራም ነበር።

አባትህ ፊት ይህን ማሳየት ቀላል ነው። «ተቃጠለ» የተባለውን አምፖል ውሰድ፤ ሦስት እግር አለው። ከባትሪው ሁለት ሽቦ አምጣና እግሮቹን ሁለት ሁለቱን እየያዝክ ለአፍታ ሞክር። በሁለቱ ጥምረት ደምቆ፣ በሦስተኛው ደብዘዝ ብሎ ከበራ አምፖሉ ጤነኛ ነው። መስታወቱን በእጅህ አትንካው፤ የጣት ወዝ ሃሎጅን አምፖልን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከነካኸውም በአልኮል ጥረገው። (ዳግም አረቄው ለሌላ ቀን ይቆይ።)

ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? ከግራው ፊውዝ እስከ ግራው ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ነው። እኛ የምንጠረጥረው ፊውዙ የሚቀመጥበትን መያዣ ነው። ፊውዙን አይቼዋለሁ ብለሃል፤ ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። መሐሉ ያለው ክር ደህና ሆኖ መያዣው ሊላላ ወይም አረንጓዴ ዝገት ሊበላው ይችላል። ጉድጓድ ሲመታችሁ ቦግ ማለቱም ይህንኑ ነው የሚናገረው። የ100 ዋቱ አምፖል ጉዳይ ደግሞ ጥርጣሬያችንን ያጠነክረዋል። ደንበኛው አምፖል በረጅሙ 60፣ በአጭሩ 55 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲሰላ 5 አምፔር ገደማ ይስባል። የ100 ዋቱ ከ8 አምፔር በላይ! ያ ሁሉ ሙቀት ለዓመታት የፊውዝ መያዣውን ጅማት ያሟሽሸዋል፣ የሶኬቱን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሾፌሩ ሄዷል፤ ዕዳው ላንተ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሥራ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። አንድ የፍሬቻ አምፖል (21 ዋቱን) ውሰድና ሁለት ረዘም ያሉ ሽቦዎች አስበይድበት። ቴስተርህ ይኸው ነው። ከዲጂታል ቴስተር በምን ይሻላል? ዲጂታሉ ምንም አይስብም፤ በአንድ ፀጉር የተንጠለጠለ ሽቦ ላይ እንኳ «12 ቮልት አለ» ብሎ ያታልልሃል። የፍሬቻው አምፖል ግን ወደ 2 አምፔር ስለሚስብ የበሰበሰ መስመር ላይ ወዲያው ይደበዝዛል።

የሁለቱንም የፊት መብራቶች ሶኬት ንቀል። ሁለቱንም ነው ያልነው! አንዱን ከተውከው ያ የሾለከው መብራት እንደገና ያሳስትሃል። የቴስተርህን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር እሰር፣ መብራቱን አብራ፣ በሌላው ጫፍ የቀኙን ሶኬት ቀዳዳዎች ነካካ። አንዱ ላይ በደንብ ይበራል። በግራው ሶኬት ተመሳሳዩ ቀዳዳ ላይ እኩል መብራት አለበት። ካልበራ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ተመለስና የግራውን ፊውዝ መግቢያና መውጫ ፈትሽ። መግቢያው ላይ በርቶ መውጫው ላይ ከደበዘዘ ሌባውን ያዝከው። መውጫው ላይም በርቶ ሶኬቱ ጋ ከጠፋ ሽቦውን ተከተል፤ በተለይ ባትሪው አጠገብ አሲድ የነካውን፣ ከቆርቆሮ ጋር የሚፋተገውንና ናስትሮ የተጠቀለለበትን ቦታ ሁሉ ፍታና እይ።

ጥፋቱ መያዣው ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። መያዣውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ በፒንሳ ቀስ ብለህ አጥብቀው፣ ከደከመም ቀይረው። ፊውዙን በዚያው ቁጥር በአዲስ ተካ። ሲጋራ ውስጥ ያለውን የብር ወረቀት ጠቅልሎ መክተት የሚባለውን የሰፈር ብልሃት እርሳው፤ ያን ቀን ፊውዙ ሳይሆን የሚቃጠለው መኪናዋ ናት።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ ሁለቱም እኩል በርተው ግን ፈዘዝ ካሉብህ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መሆን አለበት። ካነሰ ቺንጊያውንና ዲናሞውን እይ። ባትሪው ላይ ደህና ሆኖ አምፖሉ ላይ ካነሰ ሽቦውና ማብሪያው ናቸው። ቀላል እንዳይመስልህ፤ ቮልቱ አንድ አሥረኛ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ከባትሪው ፊውዝ ባለው ወፈር ያለ ሽቦ በሪሌ በኩል መመገብ ነው፤ ይህን እንኳ የቶዮታን መስመር ለሚያውቅ ሰው ስጠው። አምፖል ስትገዛ ደግሞ አንገቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሱቆች ለአይሱዙ የሚሆነውን ባለ 24 ቮልት ይይዛሉ፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ከገባ አዲስ ሆኖ ይደበዝዛል።

ኤልኢዲውን ለጊዜው ተወው። ብዙዎቹ ርካሽ ኤልኢዲዎች የተሠሩት ኔጋቲቩ የጋራ ለሆነበት መኪና ስለሆነ የናንተ ቶዮታ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ። ቢሠሩም ለክር አምፖል በተሠራ መስታወት ውስጥ ብርሃኑን ይበታትኑና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውሩታል።

አባትህን በተመለከተ... አሮጌ መኪና ይዞ መቆየቱን አንነቅፍም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ቀረጡን ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያለችውን መጠገን ነው እንጂ የት ይኬዳል? የጨረቃው ወሬ ግን አይዋጥልንም። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። የግራ መብራት ሲጠፋ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ የሚያየው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ሞተር ብስክሌት መስሎት መሐሉን ይዞ ይመጣል። የመኪናችሁ ግማሽ ያለው እሱ ባዶ በመሰለው ቦታ ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ። አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪደርስ 25 ሜትር አለፈ፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 20 ሜትር። ጠጠር ወይም እርጥብ ከሆነማ አብዛኛውን ጊዜ አጭር መብራት የሚያሳይህ ርቀት እዚያው አለቀ። ጋቢውን ተከናንቦ በጨለማ በግ የሚነዳውን ሰው አስበው።

እንዲህ በለው፤ «አባባ፣ አምፖሎቹን ላሳይህ ና» ብለህ ሦስቱንም ባትሪው ላይ አብራለት። ከዚያ ወሬው ይቀላል። እስኪጠገን ድረስ የደሴውን ጉዞ ከነጋ በኋላ አድርጉት፤ የገበያ ዕቃ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ አይሞትም። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣስ? መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ፣ ሌላ መኪና ይፈለግ። ሁሉም ከጠፋና እናንተው መሄድ ግድ ከሆነባችሁ የግራውን ፊውዝ ወደ ጎን ጫን ጫን አድርገህ የሚበራበትን ቦታ ፈልግ፣ ከሠላሳ አትለፍ፣ ጎንህ ሰው ይቀመጥና ጠርዙን ይይልህ። እንደ ጉጉፍቱ ባለ ከፍታ ጉም ከገጠመህ ረጅሙን አታብራ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው። መንገድ ላይ ሁለቱም ድርግም ካሉብህ ፍሬኑን አትድፋው፤ ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ውጣ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብራ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ ሰዎቹን ከመንገዱ አውርዳቸው።

ፊውዝ ስትገዛ ሁለት ትርፍ ጨምር፤ አንዱን ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በናስትሮ ለጥፈው።