ያስረዳም ይፈርም

ከመርሳ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈላት እናት የምትፈራው ምላጩን ብቻ አይደለም። «ተኝቼ ባልነቃስ? ልጆቼ በማን እጅ ይወድቃሉ?» የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳታል። እ.አ.አ. በ2014 የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት፣ ከ239 የቀዶ ጥገና ታካሚዎች 70.3 በመቶው ከፍተኛ ጭንቀት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ዋናው ምክንያት የሞት ፍርሃት ነበር። ከአስር ሰዎች ሰባቱን የሚያስጨንቅን ነገር «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከፋርማሲ አይወጣም። እ.አ.አ. በ1964 ኤግበርት የተባለ አሜሪካዊ የሰመመን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሆዳቸው ከሚከፈት 97 ታካሚዎች ለከፊሎቹ ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ሰውነታቸውን እንዴት እንደሚያፍታቱ አስረዳቸው። እነዚህ ታካሚዎች የወሰዱት ማስታገሻ ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ነበር፤ በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመውም ወደ ቤታቸው ተሸኙ። እ.አ.አ. በ2013 የወጣ፣ 26 ጥናቶችን ያካተተ የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ሙዚቃ ማዳመጥ የቅድመ ቀዶ ጥገና ጭንቀትን ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ለመርሳ አካባቢ ሰው ይህ መንዙማ ወይም መዝሙር ሊሆን ይችላል፤ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፣ ምርጫው ግን የታካሚው ይሁን።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ንግግር ነው። የሰመመን ባለሙያው በዋዜማው አልጋዋ ድረስ ይምጣ፤ ስሙን ይንገራት። «እናቴ፣ ነገ መጀመሪያ እጅዎ ላይ መርፌ እናስገባለን። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ከአጠገብዎ አልለይም» ይበላት። ብዙ ሰው ባለሙያው ወግቶ የሚሄድ ይመስለዋል። ምግብ የተከለከለችው በሰመመን ላይ እያለች ከሆዷ ወጥቶ ሳንባዋ እንዳይገባ መሆኑን ካወቀች ተደብቃ አትቀምስም። ማተቧን ወይም ክታቧን ማውለቅ ካለባትም ምክንያቱ ይነገራት፤ ለእህቷ በእጇ አስረክባ ትግባ።

«ባለሙያ ያንሳል፣ ወረፋው ይበዛል» ይባላል፤ እውነት ነው። የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎን ጤና ተቋማት ዘርፎ አራቁቷቸዋል። ይሁን እንጂ የተዘረፈ ማሽን በጀት ሲጠብቅ፣ አስር ደቂቃ ማስረዳት ዛሬውኑ ይጀመራል።

ማስረዳቱ በባለሙያው ደግነት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ወረፋ በበዛ ቀን ይቀራል። ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ በስምምነት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ማን፣ መቼ አስረዳ? ታካሚዋ መስማማቷን በፊርማዋ እንደምታረጋግጥ ሁሉ፣ ያስረዳት ባለሙያም ማስረዳቱን በፊርማው ያረጋግጥ። ያልተፈረመበት ቅጽ ይዞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት አይፈቀድ።