የጾም ማዕዳችንና የምድጃችን እንጨት፦ ከሐይቅ እስከ ግሸን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ነጎድጓድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ያገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ ቅዱሳን የተማሩበት፣ መጻሕፍት የተጻፉበትና የተጠበቁበት ይህ ገዳም በቀድሞው ዘመን ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበረ። ዛሬ ግን በእግር ይገባበታል፤ ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተገናኝቷልና። ሐይቁ ሌላም ጠባይ አለው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝና የየተራራው ጎርፍ ይገቡበታል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ከዙሪያው ተዳፋት ተጠርጎ የወረደ አፈር እዚያው ይቀራል። ከእርሻው የታጠበ ማዳበሪያም እንዲሁ። ስለዚህ በተሁለደሬና በአምባሰል ተራሮች ላይ የሚሆነውን ነገር ሐይቁ እንደ መዝገብ ይዞ ያኖረዋል ማለት ይቻላል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በብራዚል ቤሌም ከተማ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ፣ 32ኛው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። ከአሁን ጀምሮ ስለ ንጹሕ ኃይል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪና ስለ አመጋገብ ለውጥ የሚሰማው ንግግር እየበዛ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ምእመናንም «ይህ ነገር ከእኛ ጋር ምን አለው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እስካሁን ከየአቅጣጫው የምንሰማቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «የባዕዳን አጀንዳ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኛ ድሮ ጨርሰነዋል፤ እንጾማለን፣ ደን እንጠብቃለን» የሚል ነው። የመጀመሪያው ቶሎ የሚመለስ ነው። ምድርን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ለአዳም የታዘዘው (ዘፍ. 2፥15) ጉባኤያት ከመፈጠራቸው በፊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር ትጸልያለች። ሁለተኛው ግን ብዙ እውነት የያዘ በመሆኑ ይበልጥ መመርመር ያለበት እርሱ ነው ብለን እናምናለን።

እውነቱን እናስቀድም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከሩቅ የሚታይ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ካለ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። አብዛኛው አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የዶክትሬት ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቀው በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበረ። ከዚያም በኋላ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር ደክሟል። የሐይቅ እስጢፋኖስም ልሳነ ምድር እስከ ዛሬ በዛፍ የተሸፈነ ነው። ይህ የአባቶቻችን ሥራ ነው፤ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ደናችን የተጠበቀው በቅጥሩ ውስጥ ነው። ለማኅበሩ፣ ለሰንበቴው፣ ለዝክሩና ለተዝካሩ የሚነደው ፍልጥ ግን ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከቅጥሩ ባሻገር ካለው ተራራ ነው። ጠላው ሲጠመቅ፣ ዳቦው ሲደፋ፣ ወጡ በትልልቁ ብረት ድስት ሲሠራ በአንድ ቀን የሚነደው እንጨት አንድ ቤተሰብ ለወራት ሊጠቀምበት የሚችል ነው። ለቤተ ልሔም ማገዶ እየለቀምን ያደግን ዲያቆናት ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። (ስለ ቤተ ልሔም እሳት የሚወስኑት አባቶችና ሊቃውንት ናቸው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ማኅበሩ ድስት ነው።)

ከገበታው ብንጀምርም ያው ምድጃው ላይ እንደርሳለን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ የሰው ልጅ ከሚያስከትለው የበካይ ጋዝ ልቀት 14.5 ከመቶው ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ መሆኑን ገልጿል። በዚህም የተነሣ ሥጋን መቀነስ በምዕራቡ ዓለም የተፈጥሮ ጠበቆች ዋና ምክር ሆኗል። አንዳንዶቹም የእኛን ጾም አይተው ይደነቃሉ፤ ሁሉም ምእመን የሚጾማቸው ቀናት በዓመት ከ180 አያንሱም፣ አጽዋማቱ ሁሉ ሲቈጠሩም 250 ገደማ ይደርሳሉና። ምስጋናውን ብንቀበልም ስሙን ግን ማቃናት ይገባናል። ጾም የልቀት መቀነሻ ዘዴ አይደለም። የምንጾመው ነፍስ ለሥጋ እንዳትገዛ፣ ከንስሓና ከምጽዋት ጋር ነው፤ ለምድር የሚተርፈው ጥቅም ከዚያ የሚገኝ በረከት እንጂ የጾሙ ዓላማ አይደለም። ደግሞም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ልጆቹን ለቀበረው፣ ሁለት በሬ ካለው ራሱን እንደ ባለጸጋ ለሚቈጥረው የወሎ ገበሬ «ከብትህ ዓለምን አሞቀ» ብሎ መስበክ ነውር ነው። አፍሪካ በጠቅላላው ለዓለም ልቀት ያላት ድርሻ ከመቶ አራት ገደማ ነው። የሌላውን ዕዳ ለመክፈል የምንገደድበት ምክንያት የለም።

ሆኖም የጾም ማዕዳችን ራሱ ተለውጧል። አያቶቻችን የጾም ወጥ የሚሠሩት በኑግ፣ በሱፍ፣ በተልባና በሰሊጥ ነበረ። የወሎ የሱፍ ፍትፍት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ዛሬ በከተማ የምንጾምበት ዘይት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ፓልም ነው፤ ፓልሙ የሚተከለው ደግሞ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ሰፊ ጥንታዊ ደን ከተመነጠረ በኋላ ነው። ሥጋ ትተን የሌላ አገር ደን የተመነጠረበትን ዘይት መመገባችን ቢያንስ ሊያሳስበን ይገባል። የኑግ ዘይት ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ድሃውን አንወቅስም። ለሠርግና ለድግስ ገንዘብ የማይጨንቀው ግን ከገበሬው ኑግ ቢገዛ ምን ይጐድልበታል? በፋሲካ ማግስትም የሁለት ወሩን ጾም በአንድ ሳምንት ለማካካስ የምንሽቀዳደመው፣ የተረፈውንም የምንደፋው እኛው ነን። ጌታ አምስት ሺሑን ከመገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ ማዘዙን (ዮሐ. 6፥12) በዓሉ ሲመጣ እንረሳዋለን። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ ግን ዓሣው ለብዙ የሐይቅ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ሳያድግ ከተጠመደ ደግሞ እንጀራውም ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለእኛ የቀረበው ጥያቄ የእሳቱ ነው። በአገራችን ከሚነደው የቤት ውስጥ ኃይል እጅግ የሚበዛው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ሽሮውና ምስሩ ከአትክልት ቢሆኑም የሚበሉት ከእንጀራ ጋር ነውና በጾምም ቢሆን ምጣዱ አይጾምም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ያን ጊዜ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው አመድ ሆኖ ይቀራል። ማሳው ሲደክም ገበሬው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፣ ቍጥቋጦውን መንጥሮ ያርሳል፤ ክረምት ሲገባም አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል። በሐይቅ ዙሪያ ደግሞ «ታች» የሚባለው ያ መውጫ የሌለው ውኃ ነው። የሐይቁ መጉደል ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የመስኖ ውኃና የዝናሙ መለዋወጥም አሉበት። የምድጃው እንጨት ግን ከምክንያቶቹ ውጭ ሊቈጠር አይችልም።

ስለ ውኃው ስንነጋገር የምንረሳቸው ደግሞ እናቶቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ ጢስ ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ጢሱን ይበልጥ የሚተነፍሱት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የደብሩ በዓል እንዲደምቅ ሌሊቱን ጭስ ቤት የሚያድሩትን፣ ቅዳሴው ሲገባም ዐይናቸው ቀልቶ ከኋላ የሚቆሙትን እናቶች የማያውቅ ምእመን የለም። «የእናቶች አገልግሎት» ብለን እናመሰግናቸዋለን። ጢሱን ለመቀነስ ያደረግነው ነገር ግን ጥቂት ነው፤ ይህንም በሐዘኔታ እንጽፈዋለን።

መፍትሔው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ አንስማማም። እርግጥ ነው፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንጀራ ከማንም አገር ዳቦ ይልቅ ንጹሕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን መብራት ያገኘው ሕዝብ ገና ግማሽ ያህሉ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ መብራት ጠፍቶባቸው የሰነበቱ ከተሞች ሰዎችም ምጣዱ ሲቆም ወደ ሦስት ጉልቻ ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሌለበት ደግሞ ምርጥ ምድጃ ማለቱ ይሻላል። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጢሱንም ያበርዳል፤ በየወረዳው የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ። ከብት ያላቸው ገዳማትም የባዮጋዝ ጕድጓድ ሊያስቡ ይችላሉ። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከጀመረባቸው ክልሎች አንዱ አማራ ነበረ። ከተሠሩት ውስጥ ጠጋኝ አጥተው የቆሙ መኖራቸው ግን አይካድም፤ የሚከታተለው ሰው ካልተመደበ ባይጀመር ይሻላል።

ስለ መጓጓዣ ብዙ አንልም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መታየት ጀምረዋል። የኃይል መሙያ ጣቢያ ከመዲናዋ ውጭ እጅግ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ግን የአምባሰልን አቀበት በባትሪ እንውጣው አንልም። እኛን የሚመለከተው ግሸን ነው። መስከረም 21 ቀን የእመቤታችንን በዓልና የጌታችንን ግማደ መስቀል ለማክበር ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚተመው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቁን በትከሻው ይዞ ከየገጠሩ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ስለ ንጹሕ መጓጓዣ ከማንም የሚማረው የለም። ከከተማ የምንሄደው ግን አምስት ሆነን መሄድ ስንችል ለየብቻችን መኪና የምናስነሣ፣ በአምባው ላይም ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለውን የውኃ ፕላስቲክ ጥለን የምንመለስ አለን። የጉዞ ማኅበራት በአውቶቡስ አሰባስበው መውሰዳቸው መልካም ነው። የትኬቱ ክፍያ ላይ ጥቂት ብር ጨምረው ቆሻሻውን ይዞ የሚመለስ መኪና ቢመድቡ ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል።

የሰበካ ጉባኤያትም ሊሠሩት የሚችሉት ነገር በእጃቸው አለ። በብዙ አጥቢያዎች የማገዶ ወጪ ከበዓል ዝግጅት ወጪ ጋር ተደባልቆ ስለሚመዘገብ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የለም። ለአንድ ዓመት ብቻ ለብቻው ቢጻፍ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያሉ አጥቢያዎች ምን ያህል እንጨት እንደሚያነዱና በዚያው ገንዘብ ስንት ምርጥ ምድጃ ወይም ስንት የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት እንደሚችሉ ከገንዘብ ያዡ መዝገብ ላይ ይነበባል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ይህን ምዝገባ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ምድጃው ከተገዛም መጀመሪያ የሚገባው ሰንበቴው ከሚዘጋጅበት ጭስ ቤት ቢሆን እናቶች ዛሬውኑ ያርፋሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።