የተፈናቃይ ልጅ ጥቃት በእርቅ አይዘጋ

ለአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ኃላፊዎች፤ ለግምጃ ቤትና ለአካባቢዋ የአገር ሽማግሌዎች



ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ዓመት ከመተከል የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ዞናችን ገቡ፤ ገሚሱ ቻግኒ አጠገብ ባለው የራንች መጠለያ፣ ገሚሱ በየዘመዱ ቤት ተጠጋ። መተከል ከሰባት ቤት አገው አንዱ ነውና እንግዳ ሆነው አልታዩም። ማስጠጋት ብቻውን ግን ልጅን ከጥቃት አያድንም።

በየገጠሩ የተለመደ አሠራር አለ። ልጅ ስትደፈር ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ወላጅ አቤቱታውን ያነሣል፣ ነገሩ ይዳፈናል። ይህ አሠራር በማንም ልጅ ላይ በደል ነው፤ በተፈናቃይ ልጅ ላይ ግን ይብሳል። አባትዬው የሚያድርበት ቤት፣ የቀን ሥራው፣ በእኩል የሚያርሰው መሬት በአጥፊው ዘመድ እጅ ከሆነ በምን አቅሙ እምቢ ይላል? «ይቅር ብያለሁ» የሚለው ልጆቹን ነገ የት እንደሚያሳድር እያሰበ ነው። ልጅቷን የሚጠይቃት የለም።

ሕጉ ለእንዲህ ያለ እርቅ በር አልከፈተም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል፤ ክሱም በወላጅ አቤቱታ ላይ አልተንጠለጠለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው፤ ያም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። አገራችን ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 23 ለስደተኛ ሕፃን የሰጠውን ጥበቃ በአገሩ ውስጥ ለተፈናቀለውም ሰጥቷል።

«ሽማግሌ ካልገባ ደም ይፈስሳል፤ ለክስ እንጅባራ ድረስ መመላለስም ድሃን ያደክማል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ ሽምግልናው ይቅር አልልም፤ ሥራው ይለወጥ።

ሽማግሌዎቻችን፣ ነገሩን ስትሰሙ ልጅቷ ሰውነቷን ሳትታጠብ በዚያው ቀን ጤና ተቋምና ፖሊስ ዘንድ እንድትደርስ አድርጉ። በቀል እንዳይነሣ፣ ቤተሰቡም ከተጠጋበት እንዳይባረር እናንተ ዋስ ሁኑ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የእርቅ ወረቀት ቀረበ ብላችሁ ምርመራ አታቋርጡ። የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የምስክሮችን የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍንበት መንገድ ይፈልግ፤ ዘመድ ቤት የተጠጉትንም ልጆች በስማቸው ይመዝግባቸው።

ቤተሰብ የሚታረቀው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። የልጅቷን መብት ለመሸጥም ለመተውም ሥልጣን ያለው ማንም የለም።

አክባሪያችሁ፣
ከግምጃ ቤት