ስለ አንድ ቁጥርና ስለ ሒሳብ መዝገባችን

ነጋዴ ከቁጥር ጋር ውሎ ከቁጥር ጋር የሚያድር ሰው ነው። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ የመዝገቡን ወሰን የሚወስነውን አንድ ቁጥር የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። እርሱም 2,147,483,647 ነው።

ይህ ቁጥር 31 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ይገኛል። ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ስለሌለም ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ብቸኛ ናቸው ካላቸው ቁጥሮች ጋር ዘርዝሮት ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ ከ67 ሁለቶች በዚሁ መንገድ የሚገኘው ቁጥር በኋላ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የእኛውን ቁጥር ግን ስዊሳዊው ሊቅ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. መርምሮ አረጋገጠው። ሊያካፍሉት የማይችሉትን አስቀድሞ ስለለየ ከ372 የማይበልጥ ማካፈል በቃው። ቁጥሩ የታመነው በመርሴን ስም ሳይሆን በምርመራ ነው።

ወደ ንግዳችን እንመለስ። ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱን ቁጥር በ32 ቤቶች ይጽፋሉ። አንዱ ቤት ለምልክት ሲያዝ 31 ይቀራሉ፤ እነርሱ ሁሉ ሲሞሉ የሚገኘው ይኸው ቁጥር ነው። ከዚያ 1 ሲጨመር ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይገለበጣል። ስለዚህ ገንዘብን በሳንቲም በዚህ ዓይነት የሚመዘግብ ፕሮግራም ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ መያዝ አይችልም። ይህም ለአንድ አስመጪ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቈጥሩት ከጥር መባቻ 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቤት የሚቈጥሩት ወሰናቸውን የሚነኩት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት አቈጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ቀኑ ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ሊመለስ ይችላል። ገና ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ የ15 ዓመት ብድር የሚከፈልበትን የመጨረሻ ቀን ዛሬ ያስላ፤ ከወሰኑ አልፎ ያገኘዋል።

በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ፕሮግራም የሸጠልን ሰው «ችግር የለውም» ቢል ቃሉን ብቻ አንቀበል። በመዝገባችን ግልባጭ ላይ 2040 እ.ኤ.አ. የሚል ቀን ያለበት ፋክቱርና ከ22 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ድምር በፊታችን ያስገባ፤ ውጤቱንም በዓይናችን እንይ። አዲስ ፕሮግራም የሚገዛም ይህን ፈተና በውሉ ላይ ያስጽፍ። ዕቃን ሳያዩ መረከብ የነጋዴ ልማድ አይደለምና፣ የሒሳብ መዝገባችንንም በሰው ቃል ብቻ አንረከብ።