ለግድግዳም ጋቢ ያስፈልገዋል

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት የተተረተው ለሰው ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ለቤት አውሼዋለሁ። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ የሚያምር፣ ማታ ሲተኙበት ግን ብርዱ እንደ ቀጋ የሚወጋ ቤት በዝቷልና።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። የማጋንን ከመሰላችሁ መጥታችሁ አንድ ሌሊት እደሩ።

ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ዜና እንሰማለን። ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ይህን ያህል ቤት ታደሰ፣ ይህን ያህል ወጣት ተሳተፈ፣ ባለቤቶቹ ቁልፍ ተረክበው አመሰገኑ። ሥራው የተቀደሰ ነው፤ እኔም ሁለት ክረምት ጭቃ ረግጫለሁ። ግን ነገ ማይክ የምንይዘው እኛ አንድ ጥያቄ መጨመር አለብን ባይ ነኝ፦ ሌሊቱስ እንዴት ነው?

ጥያቄው የመጣልኝ ከሰፈራችን ነው። እማማ የምንላቸው አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን አሮጌ የጭቃ ቤታቸው ታደሰላቸው። ግድግዳው ላይ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ ከዚያ ቢጫ ቀለም ተቀባ። ኅዳር ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ በሩን ዘግተው ከሰል አያይዘው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ቀለሙማ አምሯል፤ ብርዱ ግን የድሮው ነው» አሉኝ። እኔን ያስፈራኝ እንግዲህ ከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛውን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። ስለዚህ የግድግዳ ብርድ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ጉዳይ ነው።

ታዲያ አሮጌውን የጭቃ ቤት ምን እናድርገው? መልሱ ትከሻችን ላይ አለ። ጋቢ ለምን ይሞቃል? ተደራርቦ በየእጥፉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ጭቃ ውስጥ የሚገባው ጭድም ሥራው እንዳይሰነጠቅ መያዝ ብቻ አይደለም፤ አየር ይቋጥራል። ጭዱ በበዛ ቁጥር ግድግዳው ሙቀት ይይዛል። የሲሚንቶ ልስን ግን ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ለብርድ ነጠላ እንኳ አይሆንም።

ይባስ ብሎ ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን እንደሱ አይታዘዝም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውኃ ከልስኑ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፣ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል። የረጠበ ግድግዳ ደግሞ ከደረቀው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የእማማም ቤት በዓመቱ ከታች በኩል ልስኑ አብጦ ይረግፍ ጀመር።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ግድግዳውን ጋቢ እናልብሰው፤ እሱንም ከውጭ በኩል። ከውጭ ሲደረብበት ነባሩ ግድግዳ ከጋቢው ሥር ይሆናል፤ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ለቤቱ ይመልሳል። ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሰው ቤቱ አይጠብበትም።

አሠራሩም እንግዳ አይደለም፤ ጭቃ ሠሪ የሆነው አጎቴ በቀላሉ ነው ያስረዳኝ። የላላው ልስን ይረገፍና በአሮጌው ቋሚ ላይ ከውጭ ሁለተኛ ማገር ይመታል። መካከሉ ጭድ በበዛበት፣ ብዙ ቀን ሰንብቶ በቦካ ጭቃ ይሞላል። እሱ ሲደርቅ ምርጊት ይደገምና መጨረሻ ላይ ኖራ ይቀባል። ኖራ ከዝናብ እየተከላከለ እርጥበቱን ያስተነፍሳል። ከሥር የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ ካለው ዝናቡ ግድግዳውን አይመታውም። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ ግን ልፋቱ ግማሽ ነው፤ ጋቢ ለብሶ ራሱን እንዳልተከናነበ ሰው ማለት ነው። አየር መውጫ ቀዳዳ መተው አለበት፤ ከሰሉም ከመኝታ በፊት ውጭ ይውጣ። ስንጥቁ የተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል ይብሱን አደገኛ ነውና።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ለምን ሲሚንቶ ይለስናል? አንዱ ምክንያት ወቅቱ ነው። እድሳቱ የሚደረገው እኛ ተማሪዎች እረፍት በምንወጣበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዛ ዝናብ ጭቃ አይደርቅም፤ ሲሚንቶ ግን ይጠነክራል። ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ጭቃ የድህነት ምልክት ሆኖብናል። እኛ ራሳችን ዜና ስንለማመድ «ደሳሳ የጭቃ ጎጆ» ብለን ነው የምንጀምረው፤ ጥፋቱ የጭቃው ይመስል!

«ጭቃ የቁንጫና የትኋን መደበቂያ ነው፣ በየዓመቱም መመረግ ይፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። የተሰነጠቀ ጭቃ መደበቂያ ይሆናል፤ በየጊዜው መጠገንም ግድ ነው። የጤፍ ጭድም ለከብት ስለሚፈለግ ርካሽ አይደለም። ግን ጥገናው ጭቃና ጉልበት ነው የሚፈልገው። የረገፈ ሲሚንቶ ግን እንደገና ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ያንን ደግሞ እማማ ከየት ያመጡታል?

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። ክረምት ላይ ጣራውን፣ ኮርኒሱንና የውኃ መውረጃ ቦዩን እንሥራ። ግድግዳውን ለጥር እናቆየው፤ እህሉ ተወቅቶ ጭድ የሚገኝበት፣ ፀሐዩም ጭቃ የሚያደርቅበት ወር ነው። የሴሚስተር እረፍታችን በዚያ ሰሞን ከዋለ ሦስትና አራት ቀን አናጣም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የቁልፍ ርክክቡን ዘግበን አንመለስ። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ በወረደ ማግስት፣ ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን ያንኑ በር እናንኳኳ። የእድሳቱ ትክክለኛ ዜና ያኔ ነው የሚገኘው። ቸር ይግጠመን!