አወዳዳሪ አንቀጽ ፍርድ ይማሩበት

በየትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የአንቀጽ አጻጻፍ ትምህርት አንዱ ክፍል፥ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን የሚያስጽፈው ነው። ይህ ትምህርት እንደ ትንሽ የሰዋስው ጉዳይ ተቈጥሮ በጥቂት ቀን ሲታለፍ እናያለን። እኛ ግን ነገሩ ከዚያ ይከብዳል እንላለን። ዛሬ ሁለት ነገር መዝኖ መጻፍ ያልለመደ ተማሪ፥ ነገ ሁለት ሐሳብ ሲቀርብለት አብልጦ የጮኸውን ይከተላል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ደጋ፥ በሮብ ገበያ፥ በክረምት ዕረፍታችን ያስጠናናቸው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች «ማወዳደር ምንድን ነው?» ሲባሉ ትርጓሜውን ሳያዛንፉ ይወጡታል። «በአንጻሩ»፥ «በሌላ በኩል»፥ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን አያያዦች፥ የእንግሊዝኛውንም «ሃውኤቨር» ጭምር፥ በተርታ ይቈጥራሉ። አንቀጽ ጻፉ ሲባሉ ግን «ከተማና ገጠር ይለያያሉ፤ በአንጻሩ ደግሞ ይመሳሰላሉ» ብለው ያቆማሉ። አያያዡ አለ፤ የሚያያዘው ነገር የለም።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እነዚሁ ልጆች ረቡዕ ገበያ ሲወጡ ሁለት ቁና ገብስ እያዩ የትኛው እንደ ጠራ፥ የትኛው እንደ ነቀዘ፥ የትኛው ለበሶ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን ከእናቶቻቸው ጋር ይከራከራሉ። አገራቸውም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ ሰሙን ከወርቁ አጠጋግቶ፥ በምን እንደ ተገናኙ በምንስ እንደ ተለያዩ መመርመር የቈየ ትምህርት ነው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም መጀመሪያ የተማሩት በዚሁ በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። እንግዲህ ማመዛዘን ለዚህ አገር ልጅ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነበት የምናስተምርበት መንገድ ነው።

ጉድለቱን በሦስት ነገር እናየዋለን። አንደኛ፥ ልጁ ያላየውን ባቡርና አውሮፕላን እንዲያወዳድር ይታዘዛል። ሁለተኛ፥ የማወዳደሪያው መለኪያ አይሰጠውም፤ በዋጋ ነው? በድካም ነው? በጥቅም ነው? ሦስተኛ፥ ብሔራዊ ፈተናው ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ እንጂ አንቀጽ መጻፍ ስላልሆነ፥ መምህሩም ተማሪውም ለማይፈተኑበት ነገር አይደክሙም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪዎች 3 ያህል ብቻ መሆናቸው ሲታወስ፥ ሽምደዳው ለራሱ ለፈተናውም እንዳልረዳ ግልጽ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለልጆቹ አባቶቻቸው በየዓመቱ የሚጨነቁበትን ጥያቄ እንስጣቸው፤ ይኸውም «በዚህ ማሳ ገብስ ይዘራበት ወይስ ባሕር ዛፍ ይተከልበት?» የሚለው ነው። መለኪያዎቹን ራሳቸው ያውጡ። ገብስ በዓመቱ ይታጨዳል፤ እህሉ ለሰው፥ ገለባው ለከብት ይሆናል፤ ነገር ግን በሬ፥ ዘርና ጉልበት ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ አራሽ አይሻም፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፥ በአጠገቡ ያለውንም አዝመራ ያቀጭጫል። ይህን ሁሉ ልጆቹ ያውቁታል። የሚቀራቸው መልክ ማስያዝ ነው፤ ወይ የገብሱን ነገር ጨርሶ ወደ ባሕር ዛፉ መሄድ፥ ወይ በየመለኪያው ሁለቱን እያቀራረቡ መጻፍ። ለአጭር አንቀጽ የፊተኛው ይቀላል፤ መለኪያው ሲበዛ ግን ኋለኛው ይሻላል፤ አለዚያ አንባቢው ገብሱን ረስቶ ባሕር ዛፉ ላይ ይደርሳል።

መጨረሻው ፍርድ ይሁን። ፍርዱም ለማን እንደሆነ ይነገር። በሬ የሌላት መበለትና ብዙ ልጅ የሚቀልብ ባለ ጥማድ አንድ ዐይነት መልስ አይኖራቸውም። ልጁ ይህን በገዛ እጁ ሲጽፍ፥ አንድ ነገር በአንድ ወገን መልካም፥ በሌላ ወገን ክፉ ሊሆን እንደሚችል ይማራል።

ትምህርቱም በአማርኛ ይጀመር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የፈቀደው ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያስብ ነው። አማርኛ «ገብስ ከስንዴ ይረክሳል» ሲል «ከ»ን ከስሙ ፊት ያስቀድማል፤ እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ የቅጽሉን መጨረሻ ይለውጣል። ልጁ አሳቡን አስቀድሞ ካበጀ ይህን ልዩነት በቶሎ ይለምደዋል፤ አሳብም ቋንቋም ባንድ ጊዜ ከተጫነበት ግን ሁለቱንም ይጥላል።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፥ ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ዛሬ ያ ትእዛዝ የለም፤ ችግሩ ግን አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ብዙ ልጆችን ከደብተር አራርቋል። ስለዚህ ማኅበራችን በክረምት ወደየአገራቸው የሚሄዱትን ፈቃደኞች ይመዝግብ፤ እያንዳንዱም ዐሥር ልጆች ይዞ በሳምንት አንድ አንቀጽ ያጽፍ። መምህሮቻችንም ልጁ ስንት አያያዥ እንደ ጻፈ ከመቍጠር ይልቅ፥ ምን እንደ መዘነና ምን እንደ ፈረደ አይተው ያርሙ ዘንድ በአክብሮት እንለምናለን።