አሮጌ የእንጨት ፎቶግራፍ መኪና ለሚገዛ ቤተሰብ የሚሆን ምክር

ከላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ፣ አንድ የቤተሰብ አባት የላኩልን ደብዳቤ ከፊታችን ተዘርግቷል። ልጃቸው እንግዶችን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እየመራ ይኖር ነበር፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ስለ ቀነሰ ሥራው ተጓደለበት። አሁን ወጣቱ የቀድሞ ሰዎች ይሠሩበት የነበረውን ትልቁን የእንጨት ፎቶግራፍ መኪና በኢንተርኔት ገበያ ገዝቶ፣ የአገሩን ሰው ከነልጅ ልጁ እያነሣ ሊተዳደርበት አስቧል። ገንዘቡ ግን እናቲቱ ለእኅቱ ትምህርት ያስቀመጡት ነው። አባትየውም «ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ መልሳችንን በዚህ ዓምድ እንሰጣለን።

አስቀድመን የልጁ ምኞት ከንቱ አለመሆኑን እንናገር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት በላስታ ደጋ አልፎ ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፣ የመሐንዲስ ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በትልቅ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ መልኩን አነሣችው። ያ ሕፃን ዳግመኛ አገሩን ሳያይ ሞተ፤ መልኩ ግን ዛሬም ይታያል። በአዲስ አበባም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው የመኳንንቱን መልክ አቆይተውልናል። እንግዲህ የቤተሰብን መልክ ለተተኪ ትውልድ ማቆየት የተከበረ ሥራ ነው።

መኪናው ራሱ ነገሩ ቀላል ነው። በፊት መነጽር፣ በኋላ የደበዘዘ መስተዋት፣ በመካከላቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ ወይም ጨርቅ አለ። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በመስተዋቱ ላይ ሰውን ተዘቅዝቆ ያየዋል። ከዚህ በኋላ መነጽሩን ዘግቶ፣ ፊልሙ ያለበትን ጠፍጣፋ ማኅደር በመስተዋቱ ስፍራ አግብቶ ያነሣል።

ይህ መኪና ከትንንሾቹ የሚበልጥበት ዋና ነገር የፊተኛው ሰሌዳ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሱ ነው። ከቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ተራውን መኪና ወደ ታች ያዘነበለ ሰው፣ 12 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሕንፃ ግርጌው ጠቦ ይታይበታል። በእንጨቱ መኪና ግን አካሉን ቀጥ አድርጎ መነጽሩን ብቻ ዝቅ ቢያደርግ ግድግዳው እንደ ቆመ ይቀራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1895 በካምብሪጅ ከተማ እንጨት ሠሪ የነበረው ሳንደርሰን ብዙ የሚንቀሳቀስ መኪና የፈለሰፈው፣ ሕንፃ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ።

አንደኛ፤ ልኩ ይታወቅ። ሻጩ የመስተዋቱን ወርድና ቁመት በማስመሪያ ለክቶ ይንገር። የተለመዱት ልኮች 4 በ5 ኢንች፣ 5 በ7 ኢንችና 8 በ10 ኢንች ናቸው። በአህጉር አውሮፓ 9 በ12፣ 13 በ18 እና 18 በ24 ሳንቲ ሜትር፣ በእንግሊዝ አሮጌዎች ዘንድ ደግሞ 12 በ16.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆነው «ግማሽ ሰሌዳ» ይገኛሉ። ፊልም በቀላሉ የሚገኝለት 4 በ5 ስለ ሆነ፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም።

ሁለተኛ፤ ማኅደሩ አብሮ ይሽጥ። ይህን የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በገንዘቡ ተምሮታል። ከዓመታት በፊት አንድ የሚያምር ግማሽ ሰሌዳ መኪና ከባሕር ማዶ ገዝቶ ነበር፤ ማኅደር ግን አልነበረውም። በኋላ ለብቻው የገዛው ማኅደር ልኩ አንድ ሲሆን ከመኪናው ጉድጓድ ጋራ አልገጠመም። በቀድሞው ዘመን እያንዳንዱ ሠሪ ማኅደሩን ለራሱ መኪና ብቻ ያበጅ ነበርና ነው። ያ መኪና እስከ ዛሬ ድረስ በመደርደሪያ ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። በኋለኛው ዘመን የተሠሩት 4 በ5 መኪኖች ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ማኅደር ይቀበላሉ።

ሦስተኛ፤ ወናፉ ይመርመር። ሻጩ በጨለማ ክፍል ወናፉን ዘርግቶ፣ በውስጡ መብራት አብርቶ ከውጭ ፎቶግራፍ ያንሣው። እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ቢታይ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ቀዳዳው በተለይ በእጥፋቱ ማዕዘን ላይ ይገኛል። ሁለት ሦስት ነጥብ በጥቁር ጨርቅና በሙጫ ይደፈናል፤ ወናፉ ሁሉ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ግን አዲስ ማሠራት ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አራተኛ፤ መነጽሩ በብርሃን ፊት ይታይ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታና መነጽሮቹን ያጣበቀው ሙጫ መላቀቅ ክፉ ምልክት ነው፤ ጥቂት ጭረት ግን ብዙ አይጎዳም። ለ4 በ5 ኢንች 150 ሚሊ ሜትር፣ ለ8 በ10 ኢንች 300 ሚሊ ሜትር ያህል መነጽር ተስማሚ ነው። መክደኛውም በዝግታ ልኩ፣ በአንድ ሴኮንድ ላይ፣ ሳይጣበቅ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ይጠየቅ።

አምስተኛ፤ እንጨቱና ነሐሱ። ማሆጋኒ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የተጣመመ፣ ማያያዣው የከፈተ ወይም ነቀዝ የበላው አይገዛም። የላስታ በጋ ደረቅ ክረምቱም እርጥብ ስለ ሆነ፣ የላላው ማያያዣ በአገራችን ይብስበታል። የተሰበረ የደበዘዘ መስተዋት ግን በርካሽ ይተካልና ግዢን አያስቀር።

ስለ ስም አንድ ቃል እንጨምር። በመኪናው ላይ የተለጠፈው ስም አንዳንድ ጊዜ የሠሪው ሳይሆን የሸጠው መደብር ነው፤ በመነጽሩ ላይ የተጻፈውም የመነጽሩ ሠሪ እንጂ የመኪናው አይደለም። ከታወቁት ሠሪዎች መካከል የእንግሊዙ ቶርንተን ፒካርድ፣ የአሜሪካው ዲርዶርፍ፣ የጃፓኖቹ ዊስታና ታቺሃራ ይጠቀሳሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ለቤት ጌጥ ተብሎ አዲስ ተሠርቶ «ጥንታዊ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ነሐሱ ያብረቀርቃል፣ ቆዳው አዲስ ነው፣ ማኅደር የሚገባበት ስፍራ ግን የለውም። «ለጌጥ ይሆናል» ወይም «ስለ መሥራቱ አላውቅም» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው፣ እንደማይሠራ ቈጥሮ ይለፈው።

ስለ ገንዘቡም፤ ክፍያው በገበያው ሥርዓት ውስጥ ይሁን እንጂ ሻጩ «በሌላ መንገድ ላክልኝ» ቢል አይስማሙ። በውጭ አገር የታመነ ዘመድ ካለ ዕቃው ወደ እርሱ ይሂድ፤ መርምሮ ያልተስማማውን በመመለሻው ቀን ውስጥ ይመልሳል። የፖስታው ዋጋና የጉምሩኩ ቀረጥ ከመግዛት በፊት ተጠይቆ ከዋጋው ጋራ ይደመር። ብዙ ሰው የሚያዝነው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በዚህ ነው።

ደግሞም መኪናው ብቻውን ሥራ አይሆንም። መቆሚያው፣ ፊልሙ፣ ማጠቢያው መድኃኒትና ጨለማ ክፍሉ ወጪ አላቸው። ጀማሪ በፊልም ፈንታ የፎቶግራፍ ወረቀትን ቈርጦ በማኅደሩ አግብቶ ቢለማመድ ጥፋቱ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ የሚነሣው ሰው ለጥቂት ሴኮንድ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ ክቡር አባት ሆይ፤ የእኛ ምክር ይህ ነው። አይከልክሉት፤ ነገር ግን የእኅቱን ገንዘብ አያስነኩ። የሴት ልጅ ትምህርት የሚጠብቅ ጊዜ የለውም፤ መቶ ዓመት የቆየ መኪና ግን አንድ ዓመት ቢጨምር አይጎዳውም። ልጁ በእጁ ባለው ስልክ የጎረቤቱን ቤተሰብ እያነሣና እያሳተመ የግማሹን ዋጋ ራሱ ያጠራቅም፤ ግማሹን እርስዎ ይጨምሩለት። በዚያም ዓመት ከላይ የጻፍነውን ጥያቄ ለሻጮች እየጻፈ መልሳቸውን በደብተር ይያዝና በየወሩ አብራችሁ አንብቡት። ሻጭን መጠየቅ የለመደ ልጅ በቀላሉ አይታለልም፤ ልጁን እንዲህ ሲጠይቅ ያየ አባትም ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

መኪናውም በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የእናቱና የእኅቱ ይሁን፤ ገንዘባቸውን አልነካምና ያለ እፍረት ከፊታቸው ይቆማል።